ቀዩ ወፍና የተላጠችው የሱፍ ፍሬ

ለመሆኑ እናንተ፣ ወደድን እያላችሁ ስንቱን ገድላችኋል?

መልሱን ለእኔ አትንገሩኝ። እኔ ተረት ልነግራችሁ ነው የተቀመጥኩት። «የመሠረት» ማለት የለመደ ይበል፤ ያልለመደ ዝም ብሎ ይስማ። ተረቱ ለሁለቱም ያው ነው።

በዱሮ ዘመን፣ እንስሳ ሁሉ አፍ በነበረው፣ ዕቃም ሲጠሩት አቤት በሚልበት ዘመን፣ አንድ ቀይ ወፍ ነበር። ቀይ ስላችሁ እንዲያው ቀላ ያለ አይምሰላችሁ። የበሰለ በርበሬ አጠገቡ ቢያኖሩት ያፍር ነበር። ከራሱ ላይ ቁንጮ የመሰለ ላባ ቆሞለታል። ሚስቱ ደግሞ አፈር የመሰለች ወፍ ነበረች። ሰው ቀዩን ያያል፤ እሷን አያይም። ስለማያያትም አይነካትም። ይህን ያዙልኝ።

ባልና ሚስቱ የሚኖሩት ከአንድ ግቢ ዳር በበቀለ ቀጋ ውስጥ ነበር። ቀጋው እሾሁ እንደ ድመት ጥፍር የተቆለመመ፣ ፍሬው ቀይ፣ ነገረኛ ቁጥቋጦ ነበር።

«እሾሄ ለጠላት፣ ፍሬዬ ለእናንተ» ይላቸው ነበር ቀጋው። «አንተ ቀዩ፣ ቀይ የሆንከው የእኔን ፍሬ በልተህ ነው። እንዳትረሳ።»

«አልረሳም፣ ጋሼ ቀጋ» ይላል ወፉ።

«አንተ ብትረሳ ላባህ ያስታውስሃል» ይላል ቀጋው።

የግቢው ባለቤቶች ወይዘሮ ደብሪቱና ባላቸው አቶ ጓንጉል ነበሩ። ልጅ አልነበራቸውም። አቶ ጓንጉል ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጆሯቸው ግን የሁለት ሰው ያህል ይሰማል። ከእርሻቸው ዳር ሱፍ ይዘሩ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ሱፉ ተወቅቶ ወደ ጎተራ ከመግባቱ በፊት የመጀመሪያውን እፍኝ ቀጋው ሥር ካለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ያፈስሱታል። ይህ የወፍ ድርሻ ይባላል። ከእናታቸው የለመዱት ነው። ባለቀ ቁጥርም ከጎተራው እየዘገኑ ይጨምሩለታል። እዚያ ላይ ቢያቆሙ ኖሮ ይህ ተረት ባልኖረም ነበር።

ጧት ጧት ቀዩ ወፍ ከቀጋው ጫፍ ላይ ሆኖ ይዘፍናል። ከዚያ ከድንጋዩ ላይ አንዲት የሱፍ ፍሬ ያነሳል። በምንቃሩ ያገላብጣታል። ቅርፊቷን ይልጣል። ነጯን ፍሬ ይዞ ወደ ሚስቱ ሄዶ ያጎርሳታል። አንድ ያጎርሳታል፣ ሁለት ያጎርሳታል፣ ሦስት ያጎርሳታል።

«በቃኝ» ትላለች ሚስቱ ገና በአንዱ።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይላታል። «እኔና አንቺ ምን አጣላን?»

ከዕለታት አንድ ቀን ሚስትየዋ ሦስት ዕንቁላል ጥላ ታቀፈች። ዕንቁላል የታቀፈች ወፍ ከጎጆዋ አትነሳም። ስለዚህ ከተቀመጠችበት ሆና ትጣራለች። መንገዱ ሰላም ሲሆን «ና ባለቤቴ፣ ማንም የለም» ትላለች። እባብ ወይም ጭልፊት ስታይ «ቆይ ባለቤቴ፣ አትምጣ» ትላለች። እሱም ከሩቅ ሆኖ ይመልስላታል። ድምፁን ስትሰማ ልቧ ያርፋል።

በዚያው ሰሞን አንድ ሲራራ ነጋዴ በአገሩ አለፈ። ወይዘሮ ደብሪቱ በአንድ ቅል ቅቤ አንድ መስተዋት ለወጡ። በዚያ አገር መስተዋት ያለው ሰው አልነበረም። ቤቱ ውስጥ አምጥተው ቢሰቅሉት ጨለማ ሆነና ምንም አላሳይ አለ። አውጥተው ከደጃፉ ግድግዳ ላይ፣ ፀሐይ በሚያገኘው ቦታ፣ ሰቀሉት።

መስተዋቱ ብቸኛ ነበር። ሰው ሁሉ ወደ እሱ ይመጣል፤ እሱን ሊያይ ግን አይመጣም፣ ራሱን ሊያይ ነው። «አንተ እንዴት አደርክ?» ያለው አንድም የለም።

በመጀመሪያው ቀን ቀዩ ወፍ በደጃፉ ሲያልፍ አንድ ሌላ ቀይ ወፍ አየ። ቁንጮው የቆመ፣ ደረቱ የተነፋ።

«አንተ ማነህ?» አለው።

ያኛውም አፉን ከፈተ፤ ድምፅ ግን አላወጣም።

«ከደጄ ላይ ምን ትሠራለህ?»

መስተዋቱ በልቡ አሰበ። «መስተዋት ነኝ ብዬ ብነግረው ይሄዳል። ዝም ብል ይቆያል» አለ። ዝም አለ። ወፉ በምንቃሩ መታው፤ ያኛውም መታው። በክንፉ መታው፤ ያኛውም መታው። ሲመሽ ወፉ ደክሞት ሊሄድ ሲል መስተዋቱ ሰው አጥቶ የኖረ ነውና አላስቻለውም።

«ነገም ና» አለው።

ወፉ ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ። «እመጣለሁ» አለ። «አንተን ሳላባርር አልተኛም።»

የዚያን ቀን ሚስቱን ያጎረሳት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ሄደ። ሚስቱ «ና ባለቤቴ» እያለች ስትጣራ ዋለች። ወደ ማታ መጣ። ምንቃሩ ተላልጧል። አንድ ጉርሻ ሰጣትና ሊነሳ ሲል ያዘችው።

«ማን ነው የሚያስቀርህ?»

«ሌላ ቀይ ወፍ መጥቷል። ቀጋችንን ሊቀማን ነው።»

«ድምፁ ምን ዓይነት ነው?»

«ድምፅ የለውም።»

«ሚስትስ አለችው?»

«አላየሁም።»

«ሱፉንስ ይበላል?»

«አይበላም።»

«ድምፅ ከሌለው፣ ሚስት ከሌለችው፣ እህል ካልበላ፣ ታዲያ ምኑ ወፍ ነው?»

«ቀይ ነዋ» አለ ወፉ።

«ይሄማ ሞኝነት ነው» አለች ሚስቱ። «እኔ አንተን በመልክህ አይደለም የማውቅህ፣ በድምፅህ ነው።»

ይህንንም ያዙልኝ። በኋላ ይፈለጋል።

በሦስተኛው ቀን ወፉ ከመስተዋቱ ፊት አልተነሳም። ወይዘሮ ደብሪቱ ከደጃፍ ተቀምጠው እያዩት በሳቅ ፈረሱ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ምነው ዓይን በሰጠዎ! ወፉ መስተዋቱ ፊት እስክስታ ይመታል።»

አቶ ጓንጉል ጆሯቸውን አቀኑ። «እስክስታ እንዲህ አይጮህም» አሉ። «የምንቃር ድምፅ ነው። ይህ ወፍ ተጣልቷል።»

«ከማን ጋር ይጣላል? ብቻውን ነው እኮ።»

«ብቻውን የሆነ አይጣላም ያለሽ ማን ነው?»

«እርስዎ ደግሞ ሁሉም ነገር ጠብ ይመስልዎታል።»

«አርባ ዓመት አብሬሽ ኖሬ እንዴት አይምሰለኝ» አሉ አቶ ጓንጉል።

ሁለቱም ሳቁ። ሲስቁ ወፉ መስተዋቱን ይመታ ነበር።

በቀጋው ውስጥ ሚስትየዋ ጠበቀች። ጉርሻ የለም። «ና ባለቤቴ» አለች፤ መልስ የለም። ሁለተኛ ጠራች፤ መልስ የለም። ሦስተኛ ጠራች። ረሃቡ ሲጠናባት፣ ጭንቀቱም ሲብስባት፣ ከዕንቁላሎቿ ላይ ተነስታ ልትፈልገው ሄደች። ሩቅ አልሄደችም። ብዙም አልቆየች። ግን ቁራ ከቀጋው አጠገብ ካለ ዋንዛ ዛፍ ላይ ሆኖ ሦስቱንም ቀን ሲያይ ነበር። አንዱን ዕንቁላል በላ። ሁለተኛውን በላ። ሦስተኛውን በላ። ምንቃሩን በቀጋው ቅጠል ጠርጎ ሄደ።

ሚስትየዋ ስትመለስ ጎጆው ባዶ ነው።

በዚያች ሰዓት ወይዘሮ ደብሪቱ ደግሞ መስተዋቱ ላይ ደም አዩ። ያን ጊዜ ደነገጡ። ያን ጊዜ አለቀሱ።

«ጌታዬ፣ እውነትዎን ነው። ወፉ ራሱን እየገደለ ነው።»

«እንግዲያ መስተዋቱን አንሺው» አሉ አቶ ጓንጉል።

«መስተዋቱን?»

«ምን ችግር አለው? ወፉ ይሄዳል፤ ነገሩም ያልቃል።»

ወይዘሮ ደብሪቱ መስተዋቱን አዩት። ውስጡ አንዲት ጥሩ ሴት ነበረች፤ ለተጎዳ ሁሉ የምታዝን፣ ዓይኗ እንባ ያቀረረ። ከዚህች ሴት ጋር ከተዋወቁ ገና ሦስት ቀናቸው ነው።

«መስተዋቱ ምን በደለ?» አሉ። «መዳን ያለበት ወፉ ነው።»

መስተዋቱን ከማንሳት ወፉን ማንሳት ቀለላቸው።

እንቅቡን አመጡ። በአንድ እንጨት ደግፈው አዘነበሉት። ከእንጨቱ ላይ ገመድ አሰሩ። ከሥሩ ሱፍ በተኑ።

«እመቤቴ» አለ እንቅቡ፤ «እኔ የተሰፋሁት እህል ልይዝ ነው። ወፍ ልይዝ አይደለም።»

«እህልም ሆነ ወፍ ከቤት ሲገባ ነው የሚተርፈው» አሉት።

«እህሉ እሺ» አለ እንቅቡ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። ዕቃ ሦስት ቃል ከተናገረ በዛ ይባል ነበር።

ወፉ ደክሞታል፤ ርቦታል። ሱፉን አየ። «ሦስት አንስቼ ለሚስቴ ልውሰድ» አለ። አንዷን እንዳነሳ ገመዱ ተሳበ፤ እንቅቡ ተደፋ።

ከሸምበቆ ቤት ሠሩለት። ከቤት ውስጥ፣ ከምሰሶው ላይ ሰቀሉት። የተላጠ ምንቃሩን ቅቤ ቀቡለት። በመጀመሪያው ቀን ነጭ ጤፍ ሰጡት። በሁለተኛው ቀን በቅቤ የራሰ ፍርፋሪ ሰጡት። በሦስተኛው ቀን ማር ሰጡት።

«ቀጋ ነው እኮ የሚበላው» አሉ አቶ ጓንጉል። «አጥሩ ሥር ሁልጊዜ ሲለቅም እሰማው ነበር። ትንሽ ለቅመሽ ስጪው።»

«ይበሉ ተዉኝ! ቀጋ የእረኛ መክሰስ ነው። ከቤቴ የገባ እንግዳ በቀጋ ይስተናገድ? ሰው ቢሰማስ ምን ይለኛል?»

ወፉ ግን ማሩንም ቅቤውንም ትቶ ይለምን ነበር።

«እመቤቴ፣ ሚስት አለችኝ። ሦስት ዕንቁላልም ታቅፋለች። ይክፈቱልኝ።»

«ቁስልህ ይዳን» አሉት።

ቁስሉ ዳነ። «እመቤቴ፣ ቁስሌ ዳነ። ይክፈቱልኝ።»

«ክንፍህ ይጠንክር» አሉት።

ክንፍ በሸምበቆ ቤት ውስጥ ከየት ይጠነክራል? ሰነበተና ደግሞ ለመነ። «እመቤቴ፣ ይክፈቱልኝ።»

«ክረምቱ ይውጣ» አሉት። «ይህን ዝናብ ትችለዋለህ ብለህ ነው? ስለማዝንልህ እኮ ነው።»

ክረምት በገባ ቁጥር ዝናቡን ችሎ የኖረ ወፍ ነው። ግን ይህን ለማን ይነግረዋል?

ሚስቱ ከቀጋው ሆና ትጠራዋለች። እሱም ከቤት ውስጥ ይመልስላታል። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ዝናቡም ይጮሃል፤ አንዱ መልስ ደረሰ፣ አንዱ አልደረሰም። ከዚያ ወፉ ላባውን መጣል ጀመረ። ላባውን የሚጥል ወፍ ደግሞ አይዘፍንም። ዝም አለ።

«ወፉ ዝም አለ» አሉ አቶ ጓንጉል።

«ተመችቶት ነው።»

«ያቺ ከማዶ የምትጠራው ሚስቱ ናት።»

«ወፍ ደግሞ ሚስት አለው እንዴ?»

«ሚስትማ አለው። የሌለው ሰሚ ነው» አሉ አቶ ጓንጉል። ይህን ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እሳቸው ተናግረው ፊታቸውን የሚያዞሩ ሰው ነበሩ።

አዲሱ ላባ በቀለ። መጀመሪያ ጅራቱ በቀለ፤ ነጣ ያለ ነበር። ቀጥሎ ደረቱ በቀለ፤ አመድ የመሰለ ነበር። በመጨረሻ ቁንጮው በቀለ፤ እሱም የደረቀ ሣር ይመስል ነበር። ጤፍ አላቀላውም። ቅቤ አላቀላውም። ማር አላቀላውም። ቀጋው እንዳለው ላባው አስታወሰ።

ክረምቱ ወጣ። አንድ ቀን ጎረቤታቸው ወይዘሮ የውብዳር ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ።

«እስቲ ያንን ቀይ ወፍሽን አሳዪኝ። አገሩ ሁሉ የሚያወራው እኔን ብቻ አመለጠኝ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ኩራት እየተሰማቸው ሸምበቆውን አወረዱ። ወይዘሮ የውብዳር ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

«ይህችን ድንቢጥ ነው?»

«ድንቢጥ አይደለም፤ ቀዩ ወፍ ነው።»

«እንዲህ ያለውማ ከእኔ ጣራ ሥር ሞልቷል። ቅቤም አልቀባሁት፣ ማርም አላላስኩት!»

ሄዱ። ሳቃቸው ግን ከአጥሩ ማዶ እስኪርቅ ይሰማ ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ ወፉን ወደ ብርሃን አውጥተው ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩት።

«ለውጠውብኝ ነው» አሉ። «ይህ የእኔ ወፍ አይደለም።»

«ያው ራሱ ነው» አሉ አቶ ጓንጉል። «ከሸምበቆው ላይ ሲያርፍ ድምፁን አውቀዋለሁ። እኔ ቀይ ሲሆንም አላየሁት፣ ሲነጣም አላየሁት። አልተለወጠብኝም።»

ወይዘሮ ደብሪቱ አልሰሟቸውም። የሸምበቆውን በር ከፈቱ። ቁስሉ ሲድን ያልከፈቱትን፣ ሚስቱ ስትጠራ ያልከፈቱትን፣ ለጎረቤት ሳቅ ከፈቱት።

«ሂድ እንግዲህ» አሉ።

አሁን ወደ ቀጋው እንሂድ።

ሚስትየዋ ክረምቱን ሁሉ ብቻዋን ኖረች። ድምፁ ከጠፋ በኋላ ቁራ መጥቶ «ባልሽ ሞቷል፤ ከዚያ ቤት የገባ ወፍ ወጥቶ አያውቅም» ብሏታል። ወሬው በወፎች ሁሉ ተሰማ። ዝናቡ ሲያባራ ወፎች ጎጆ የሚሠሩበት ጊዜ ደረሰና ጠያቂዎች መምጣት ጀመሩ።

በመጀመሪያ አንድ ቢጫ ወፍ መጣ። በአፉ ከነቅርፊቱ አንድ ፍሬ ይዟል። «ባልሽ ሞቷል አሉ። እኔ አለሁ» አላት። በምንቃሯ አባረረችው።

ቀጥሎ አንድ ጅራቱ የረዘመ ጥቁር ወፍ መጣ። እሱም ከነገለባው አንድ የሣር ፍሬ ይዟል። «ሴት ብቻዋን አትኖርም» አላት። በምንቃሯ አባረረችው።

ከቀጋው ጫፍ ላይ ወጥታ ሁሉም እንዲሰማ ጮኸች። «የእኔ ባል ቀይ ነው። ከእንግዲህ ቀይ ያልሆነ ወደዚህ ቀጋ አይጠጋ!»

በዚያው ቀን ባሏ ከሸምበቆ ወጣ።

ክንፉ ብዙ አላነሳውም። ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ፣ አርፎ፣ ደግሞ ተነስቶ፣ ከጠፍጣፋው ድንጋይ ደረሰ። ወፉ ከቤት ከገባ ወዲህ ወይዘሮ ደብሪቱ የወፍ ድርሻ ማፍሰሱን ትተውት ነበር። ድንጋዩ ባዶ ነው። ዞረ፤ ፈለገ። ከድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ አንዲት አሮጌ የሱፍ ፍሬ አገኘ። ሁለተኛ አልነበረም። ሦስተኛ አልነበረም።

በምንቃሩ አገላበጣት። ቅርፊቷን ላጠ። ነጯን ፍሬ ያዘ።

እስቲ አስቡት። አፉን ከፍቶ «እኔ ነኝ» ቢል ፍሬዋ ትወድቃለች፤ ከሣሩ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች። ዝም ቢል አይታወቅም። እሱ ግን ስለ መታወቅ አላሰበም። ስንት ወራት ያላጎረሳት ሚስቱ ናት። ባዶ አፉን እንዴት ይምጣ? አመድ መስሎ፣ አፉ ሞልቶ፣ ዝም ብሎ ወደ ቀጋው ገባ።

ቀጋው አወቀው። እንዴት አያውቀው፣ በፍሬው ያሳደገው ነው። አወቀውና ዝም አለ።

ሚስቱ ሦስተኛውን ጠያቂ አየች። ቀይ አይደለም። አንዲት ፍሬ ይዟል። አንገቱን ዘርግቶ ይቀርባታል።

አንዴ ወጋችው። አልሸሸም፤ ፍሬዋንም አልለቀቀም።

ሁለተኛ ወጋችው። አልሸሸም፤ ፍሬዋንም አልለቀቀም።

ሦስተኛ ስትወጋው ክንፉ ከዳው። በእሾሁ መካከል ወደቀ። ፍሬዋ ከአፉ ወጥታ ከጎጆው ጠርዝ ላይ ቀረች።

አፉ ባዶ ሲሆን ድምፁ ወጣ። ከታች ከእሾሁ ውስጥ፣ ጧት ጧት ከቀጋው ጫፍ ላይ የሚዘፍነውን ዘፈነላት። ትንሿን ብቻ፣ መጀመሪያውን ብቻ።

ሚስቱ ፍሬዋን አየች። ነጭ ናት። ቅርፊቷ ተልጧል። በዚያ አገር ሱፍ ልጦ የሚያጎርስ ወፍ አንድ ብቻ ነበር።

እየተጋጨች ወደ እሱ ወረደች።

«ባለቤቴ» አለች።

«አንድ ብቻ ነው ያገኘሁት» አለ። «ሁለቱን ደግሞ አመጣለሁ።»

አላመጣም።

ሰባት ቀን አለቀሰች። በሰባተኛው ቀን ሽማግሌዎች መጡ። ኤሊ መጣ፣ ዋኔ መጣ፣ ጃርት መጣ። በኋላቸው በዳዮቹ መጡ። ወይዘሮ ደብሪቱ እንደ አገሩ ደንብ ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው መጡ፤ መስተዋቱንም በብብታቸው ይዘውት ነበር። አቶ ጓንጉል በበትራቸው እየዳበሱ ተከተሉ። ቀጋው ከቆመበት ቅርንጫፉን መሬት አስነካ።

«ልጄ» አለ ኤሊ፤ «ሽማግሌ በረገጠው ደጅ ይቅርታ አይነፈግም። ሙት ላይመለስ ቂም ምን ያደርጋል? አንዲት ቃል ተናገሪና ድንጋዩን አስወርጃቸው።»

«ይናገሩ፤ እሰማለሁ» አለች ወፏ።

መስተዋቱ ቀደመ። «ብቸኛ ነበርኩ» አለ። «የሚጎበኘኝ አጥቼ ነው ዝም ያልኩት።»

«አሁን እኔም ብቸኛ ነኝ» አለች። «ታዲያ የማንን ባል ላስቀር?»

ቀጋው ቀጠለ። «አውቄው ነበር» አለ። «ግን በባልና በሚስት መካከል አይገባም ሲባል ነው የሰማሁት።»

«ሲወድቅ እሾህህ በመካከላችን ገብቷል» አለችው። «እንዳይገባ የከለከልከው ቃልህን ብቻ ነው።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ከድንጋዩ ሥር ሆነው አለቀሱ። «ወድጄው ነው» አሉ። «እግዜር ያውቃል፤ ለራሴ ያልበላሁትን ነው ያበላሁት።»

«መውደድዎን አይቻለሁ፣ እመቤቴ» አለች ወፏ። «ላባው ላይ አይቻለሁ።»

አቶ ጓንጉል ማንም ሳይጠይቃቸው ከኋላ ተናገሩ። «እኔስ፣ ልጄ? እኔ ከመጀመሪያውም አውቄ ነበር።»

«አውቀው ምን አደረጉ?»

«ተናገርኩ።»

«ተናገሩና ተቀመጡ» አለች። «በሩ ከእጅዎ ክንድ አይርቅም ነበር።»

አቶ ጓንጉል አንገታቸውን ደፉ።

ጃርት ነገሩን ለማብረድ ብሎ «ቁራስ? ዕንቁላሉን የበላው እሱ አይደለም እንዴ? ለምን አልመጣም?» አለ።

«ቁራ ጠላቴ ነው» አለች። «ጠላት የጠላት ሥራውን ሠራ። ከእሱ ጋር ምን ነገር አለኝ? የእኔ ነገር ከወዳጆቼ ጋር ነው።»

ኤሊ አንገቱን ወደ ድንጋይ ልብሱ ከተተ፤ ብዙ አሰበ፤ አወጣ። ሽማግሌ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚያስቀምጣት አንዲት ነገር አለችው።

«ልጄ፣ የወጋሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ» አለች። «በድምፅህ ነው የማውቅህ ያልኩት እኔ ነኝ። ቀይ ያልሆነ አይጠጋ ያልኩትም እኔ ነኝ። እንዲናገር ያህል እንኳ አልጠበቅሁትም።»

«እንግዲህ አንቺም ምሕረት ትፈልጊያለሽ። ሌላውን ማሪና ራስሽን ማሪ።»

«ከሁሉ በፊት የማልምረው እኔን ነው፣ አባቴ። እኔን ሳልምር እነሱን በምን እምራለሁ?»

«እንግዲያ ከዚህ ሁሉ ሰው ማንን ትምሪያለሽ?»

«ማንንም።»

ሽማግሌዎቹ ተነሱ። ወይዘሮ ደብሪቱ ድንጋዩን ከአንገታቸው የሚያወርድላቸው አጥተው እንደ ተሸከሙት ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ፣ ይባላል፣ ቀይ ወፍ ሁሉ ከሩቅ ሳይዘፍን ወደ ሚስቱ አይቀርብም። ፍሬውን በኋላ ነው የሚያነሳው። ከዚያ ወዲህም ብልህ ሰው የዱርን ወፍ ከደጅ ያበላዋል እንጂ ከቤት አያሳድረውም። የወደዱትን የሚያስሩ፣ ያሰሩትን አይለዩም።

ይህን ተረት ለልጆች የሚነግሩ ሰዎች ወፏ በመጨረሻ ይቅር አለች ብለው ሲጨርሱት ሰምቻለሁ። ብዙ መጽሐፍም አገላብጫለሁ፤ ይቅርታን የማያወድስ እምብዛም አላገኘሁም። የጻፉት ግን ድንጋዩን የተሸከሙት ናቸው፤ ዕንቁላሉን የታቀፉት አይደሉም።

ተረቱን ውሰዱት። አፌን የምታብሱበትን ዳቦ ለራሳችሁ አስቀሩት።

ወፏ ይቅር አላለችም። እኔም አላልኩም፤ ማንንም።